በአማርኛ ፊደል የሚጻፉ የቡሌት ጆርናል ርእሶችንና ገጾችን እንዴት ማስጌጥ ይቻላል?

ጥያቄ — መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የማስተምርበትን ክፍለ ጊዜ፣ የቤት ወጪዬን፣ የማነባቸውን መጻሕፍትና የግል ዕቅዴን በአንድ ደብተር ለመያዝ ብዬ ቡሌት ጆርናል መጠቀም ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። ስልቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጸው። ራይደር ካሮል የተባለ የኒው ዮርክ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ያቀረበው የማስታወሻ አያያዝ ሲሆን፣ ማውጫው፣ የመጪዎቹ ወራት ገጽ፣ የወሩ ገጽና የየዕለቱ ገጽ በባዶ ደብተር ላይ በእጅ እየተሰመሩ ይዘጋጃሉ። የሚሠራ ሥራ በነጥብ፣ ቀጠሮ ወይም ክንውን በክብ፣ ተራ ማስታወሻ በሰረዝ ይጀምራል፤ የተፈጸመው ሥራ በኤክስ ምልክት ይዘጋል፤ ያልተፈጸመውም ተመዝኖ አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል።

እኔን ያስቸገረኝ የገጹ መልክ ነው። በኢንተርኔት የማያቸው ያጌጡ ገጾች ከሞላ ጎደል ሁሉም በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ርእሱ በትልቁ ፊደል ይጀምራል፣ በብሩሽ እስክሪብቶ እየተያያዘ ይጻፋል፣ እጅ ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ይወፍራል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀጥናል፤ ውበቱ ሁሉ ያለውም እዚያ ላይ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ግን ፊደላቱ እርስ በርሳቸው አይያያዙም፤ ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል ዓይነትም የለንም፤ ስለዚህ ርእሱ ከሥሩ ካለው ጽሑፍ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ይሆናል፤ ቀለም ቢጨመርበትም ገጹ ይዥጎረጎራል እንጂ ርእሱ አይጎላም።

የላቲኑን መንገድ በግድ ወደ አማርኛ ማምጣት አልፈልግም፤ ደብተሬን ስከፍት የራሴን ፊደል በራሱ ወግ ተጽፎ ማየት እወዳለሁ። ስለዚህ ለአማርኛ ርእስ ግርማ የሚሰጠው ምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሆነ፣ ገጹንስ ለአገራችን ወራትና ለአካባቢያችን በሚስማማ ጌጥ እንዴት መሥራት እንደሚቻል፣ እዚህ ሰሜን ሸዋ በምናገኘው ወረቀትና እስክሪብቶም ይህ ይሳካ እንደሆነ የምታውቁ እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አሁን የምጠቀመው ባለ ካሬ ደብተር ነው።

መልስ — ጽሑፍ ሠሪ፣ ከአንኮበር

መምህርት፣ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ጠለቅ ያለ መልስም ይገባዋል። በልጅነቴ ቁም ጽሕፈት ተምሬያለሁ፤ ዛሬም የምተዳደረው በሰሌዳና በሱቅ ግንባር ላይ በመጻፍ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው ከዚሁ ከእጅ ሥራው ተነሥቼ ነው።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ባይኖረውም፣ የብራና መጻሕፍት ግን ርእስን ከሐተታ እየለዩ ብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። እርስዎ ያነሡት ችግር ለጸሐፊዎቻችን አዲስ አልነበረም፤ የፈቱትም በቀይ ቀለም፣ ሐረግ በሚባለው የተጠላለፈ ጌጥና በባዶ ቦታ ነው። ጸሐፊው ከጎኑ ሁለት የቀለም ቀንድ ያቆማል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ ሁለተኛው ለቀዩ። ሐተታው በጥቁር ይጻፋል፤ የምዕራፉ መክፈቻ መስመሮችና የከበሩ ስሞች በቀይ ይወጣሉ። የቀዩ መጠን ከጥቁሩ ብዙም አይበልጥም፤ ዐይን ግን ገጹ እንደተገለጠ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በገጹ ላይ ሌላ ደማቅ ቀለም አይሻማውም። ለደብተርዎም የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፦ ለርእስ የሚሆን አንድ ቀለም ይምረጡና ያንን ቀለም በገጹ ላይ ከርእሱና ከጌጡ ውጭ ለሌላ ነገር አይጠቀሙበት። ርእሱ የሚደበዝዘው ሦስትና አራት ቀለም በአንድ ገጽ ላይ እኩል ሲደምቁ ነው።

ወደ ፊደሉ ቅርጽ ልለፍ። የመቃ ብርዕ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቀረጽ፣ የሚቆመው መስመር ወፍራም፣ የሚጋደመው መስመር ቀጭን ሆኖ ይወጣል። የግእዝ ፊደል ግርማ ያለው በዚህ በወፍራሙና በቀጭኑ መበላለጥ ላይ ነው። እርስዎ መቃ ባይኖርዎትም በተራ እስክሪብቶ ይህንኑ መሥራት ይችላሉ። ርእሱን በቀላሉ በእርሳስ ይጻፉት። ከዚያ በእያንዳንዱ ቋሚ መስመር ቀኝ ጎን፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሌላ መስመር ያውርዱና መካከሉን በቀለም ይሙሉት። የተጋደሙትን መስመሮች አንዴ ብቻ አሥምረው ይተዋቸው። ሁለተኛው መስመር ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይሁን፤ አንዱ ፊደል በቀኝ፣ ሌላው በግራ የወፈረ እንደሆነ ርእሱ የተንጋደደ ይመስላል።

በሦስት ፊደላት ላይ ላሳይዎት። «ተ» የሚቆም አንድ መስመርና የሚጋደም አንድ መስመር ብቻ ስላለው ለመለማመጃ ይመቻል፦ ቋሚውን ያወፍሩ፣ ክንዱን ያቅጥኑ፣ በክንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ያንጠልጥሉለት፤ ፊደሉ ወዲያው የብራና መልክ ይይዛል። «ቀ» ደግሞ በቋሚ መስመር ላይ ያለ ክብ ነው፤ ክቡን ሙሉ በሙሉ እኩል አያወፍሩት፤ ግራና ቀኙ ይወፍር፣ ላይና ታቹ ይቅጠን። ጥንቃቄ የሚሻው «ጠ» ነው፤ ሦስት እግር ስላለው ሁሉም ሲወፍር ፊደሉ ጠቁሮ ይዘጋል። ስለዚህ በእግሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ቢያንስ የእግሩን ውፍረት ያህል መሆን አለበት፤ ቦታ ካነሰ ፊደሉን ያስፉት እንጂ እግሩን አያቅጥኑ።

ፊደላቱን ለማያያዝ አይድከሙ። የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ ነው የሚያምረው፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እኩል ከሆነ ቃሉ ራሱ ይያያዛል። የሁሉም እግር በአንድ መስመር ላይ ይረፍ፤ ቁመታቸው ግን እኩል መሆን የለበትም። እንደ «ረ» ያለው ያጥራል፣ እንደ «ቀ» ያለው ይረዝማል፤ «ረ»ን ወደ ላይ እየጎተቱ ከጓደኞቹ ጋር ማስተካከል መልኩን ያጠፋዋል።

ለማስመሪያም ከብራና ጸሐፊዎች አንድ ዘዴ ልጨምርልዎ። እነርሱ ገጹን የሚያሰምሩት በቀለም አይደለም፤ ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግተው፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ በማስመሪያ እየመሩ በጫፉ ይጭሩታል፤ የሚታየው ስርጉዱ ብቻ ነው። እርስዎ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ወስደው በማስመሪያ ላይ ቢጫኑት ያው ስርጉድ መስመር ይወጣል፤ የእርሳስ ምልክት ስለማይኖር በላጲስ ሲፈትጉ ቀለሙን የማበላሸት ነገር አይኖርም። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ግን በሥሩ ጠንካራ ካርቶን ያስገቡ፤ አለዚያ ስርጉዱ ወደሚቀጥለው ገጽ ይተላለፋል።

ሐረጉን በተመለከተ፣ በገጹ አናት ላይ ተጋድሞ በዓምዶቹ ዳርና መካከል ወደ ታች የሚወርደው ይህ የተጠላለፈ ጌጥ ከ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ በመጻሕፍታችን ይገኛል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468፣ በሰፊው ይሠራበት ነበር። እርስዎ ያሉበት ከተማና ይህ ጌጥ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ እኔ ለደብተርዎ ከእርሱ የተሻለ ጌጥ አይታየኝም። አሣሣሉን ከፈለጉ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

መልስ — የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ ስለ ፊደሉ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ወረቀቱና ስለ ቀለሙ ግን ልጻፍ፤ ደንበኞቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

የተለመደው የተማሪ ደብተር ወረቀቱ ስስ ነው፤ በካሬ ሜትር 60 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይመዝናል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው። ለወፍራም ርእስና ለቀለም ሙሌት የሚስማማው ከ100 ግራም በላይ ያለው ነው፤ 120 ቢሆን ይመረጣል። ስሱ ደብተር ላይ የግድ የሚጽፉ ከሆነ በአልኮል የተሠራ ማርከር አይጠቀሙ፤ በጀርባው ሰርጎ ይወጣል፣ ዳርና ዳሩም ይፈሳል። ሽታው ወዲያው አፍንጫ የሚመታው ማርከር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ዓይነት ነው። በውኃ የተሠራው የልጆች ማርከርና የከለር እርሳስ ግን ስሱንም ወረቀት ብዙ አይጎዱትም። ማንኛውንም አዲስ እስክሪብቶ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይሞክሩት፤ ከደረቀ በኋላ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት።

በከተማችን ባለ ነጥብ ደብተር ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን፣ ደንበኞቼ ራሳቸው እንዲያዘጋጁት እመክራቸዋለሁ። በኮምፒዩተር በየ5 ሚሊ ሜትሩ ፈዛዛ ግራጫ ነጥብ ያለበት ገጽ ይሠራል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት በወፍራም ኤ4 ወረቀት ፊትና ጀርባ ይታተማል፤ ወረቀቱ ለሁለት ሲታጠፍ ኤ5 ይሆናል፤ ከዚያ ጥረዛ ቤት ተሰፍቶ ሽፋን ይለብሳል። ነጥቦቹ በጣም ፈዛዛ ይሁኑ፤ ከጠቆሩ ርእሱን ይሻሙታል። ጥረዛው በክር ቢሆን ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ ከሆነ ግን በመካከል ያለው ጌጥ ወደ ጥርዙ ገብቶ ይሸሸጋል።

ስለ ብርዳችንም አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል፣ ማለዳ ላይ የተራው እስክሪብቶ ቀለም ይወፍርና ይቆራረጣል፤ ቀለሙ በቅባት የተሠራ ነውና። ከመጻፍዎ በፊት በመዳፍዎ መካከል ጥቂት ያሙቁት፤ ከልብስዎ ውስጠኛ ኪስ ቢያሳድሩትም ይረዳል። በክረምት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን የጄል እስክሪብቶ ቶሎ አይደርቅም፤ እጅ ሲያልፍበት ተቀባብቶ ይበላሻል። ሃይላይተር በጄል ጽሑፍ ላይ መሳብ ከፈለጉ መጀመሪያ ሃይላይተሩን ስበው፣ ከደረቀ በኋላ በላዩ ይጻፉ።

ቀይ ቀለም ሲመርጡም፣ መስኮት ዳር የሚቀመጥ ደብተር ከሆነ ተራው ቀይ በብርሃን ብዛት እየገረጣ እንደሚሄድ ይወቁ። እስክሪብቶው ላይ በፒግመንት (በማይሟሟ የቀለም ዱቄት) የተሠራ መሆኑ የተጻፈበት ካገኙ እርሱ የተሻለ ይቆያል።

መልስ — ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ

የተከበሩ መምህርት፣ እኔም ይህን ደብተር እይዛለሁ፤ ከሌሎቹ መልሶች በጥቂቱ የሚለይ አሳብ አለኝ። ካሮል ስልቱን ሲያቀርብ ገጹ በጥቁር እስክሪብቶ ብቻ የሚጻፍ ግልጥ ያለ ገጽ ነበር፤ ጌጡን በኋላ የጨመሩት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ይህን የምለው ጌጥን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም አስጌጣለሁ። ነገር ግን የዕለቱ ገጽ አምሮ እስኪጠናቀቅ ድረስ ሥራው ሳይጻፍ የሚቀር ከሆነ ደብተሩ ከተያዘበት ምክንያት ይርቃል። ስለዚህ ጌጥን ለወሩ መክፈቻ ገጽ ትቶ፣ ለየዕለቱ ገጽ አንድ ወፍራም ቁጥርና አንድ ቀይ መስመር ብቻ መስጠት ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ለወሩ ገጽ የዘመን አቆጣጠራችን የሚያስገኘውን ጥቅም ልብ ይበሉልኝ። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ፣ የቀኖቹ ሰንጠረዥ የሚሰመርበት የካርቶን ቅርጽ አንዴ ከተቆረጠ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ከወር ወደ ወር የሚለወጠው የመጀመሪያው ቀን የሚውልበት ዕለት ብቻ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ በሁለት ይገፋል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ስለዋለ፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ደግሞ ሰኞ ይውላል። ሳምንቱን ከሰኞ ጀምረው በሰባት ዓምድ ካሰመሩት አምስት ረድፍ ይበቃል፤ ስድስተኛ ረድፍ የሚያስፈልገው ወሩ እሑድ በሚገባበት ጊዜ ብቻ ነው። ጳጉሜን በ2018 ዓ.ም. አምስት ቀን፣ በ2019 ዓ.ም. ስድስት ቀን ስለሆነች ሰፊ ገጽ ታስተርፋለች፤ ዓመቱን የሚዘጋ ሙሉ ጌጥ መሥራት ለሚፈልግ ከእርሷ የሚሻል ቦታ የለም።

ስለ አካባቢያችን ጌጥ ደግሞ መንዝን የሚያህል ምንጭ ያለ አይመስለኝም። ዝተታችንን፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ይመልከቱት፤ ሱፉ ቀለም ሳይነከር፣ በጎቹ በተፈጥሮ ባላቸው ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና ግራጫ መልክ ተሸምኖ በመስመርና በማዕዘን ያጌጣል። ይህ ለገጽ ዳርቻ የተሠራ ያህል ይስማማል፤ ሁሉም ቀጥ ያለ መስመርና ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ካሬውን እየቆጠሩ መሙላት ብቻ ነው፤ ቀለሞቹም ዝምተኞች በመሆናቸው ቀዩን ርእስ አይጋፉትም። እኔ ከገጹ ግርጌ ሁለት ካሬ ከፍታ ያለው የዝተት መታጠቂያ እሠራለሁ፤ የሚበቃው ጥቁር እስክሪብቶና ቡናማ የከለር እርሳስ ነው።

ሁለተኛው የጓሳ ጅብራ ነው። የአበባ ዘንጉ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ከዘንጉ ሥር ረጃጅም ቅጠሎቹን ክብ አድርጎ የሚዘረጋ ተክል ስለሆነ፣ ለልማድ መከታተያ በጣም ይመቻል። በገጹ ግራ ዳር ረጅሙን የአበባ ዘንግ እሥላለሁ፤ በግራና በቀኙ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጉጦች አደርግለታለሁ፤ በጠቅላላው 30 ይሆናሉ፤ ውኃ በበቂ የጠጣሁበት ወይም መጽሐፍ ያነበብሁበት ቀን አንዱን ጉጥ ሐምራዊ እቀባለሁ። ወሩ ሲያልቅ ያልተቀባው ጉጥ ብዛት ያለ ቁጥር ይታያል። ለመስከረም አደይ አበባ፣ ለነሐሴ የቡሄ ችቦ፣ ለግንቦትና ለሰኔ ደመና የሚሥሉ ብዙ ናቸው፤ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል።

መምህርቷ፣ እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለ ቋሚውና ስለ ተጋዳሚው መስመር የነገሩኝን «ትምህርት» በሚለው ቃል ላይ አይቼዋለሁ፤ ፊደላቱ ሳይያያዙ ቃሉ አንድ አካል ሆኖ መታየቱ በጣም አስደስቶኛል። ወንድሜ ከመሐል ሜዳ፣ የዕለቱን ገጽ ቀላል ስለ ማድረግ ያልኸው ልክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ላሳስብ። እኔ ደብተሬን በየማታው የምከፍተው አንድም በመልኩ ስለሚስበኝ ነው፤ ስለዚህ ጌጡ ራሱ ሥራውን የሚያሠራበት ጊዜ አለ፤ ፈጽሞ እንደ ትርፍ ነገር ባይታይ እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። የወሮቻችን ስም ርዝመት የተለያየ ነው፤ «መስከረም» አምስት ፊደል ሲሆን «ጥር» እና «ሰኔ» ሁለት ሁለት ብቻ ናቸው። በአንድ መጠን ሲጻፉ «ጥር» በገጹ ላይ ብቻውን ቀርቶ ይታያል፤ ተስፍቶ ሲጻፍ ደግሞ ከሌሎቹ ወራት ጋር አይመሳሰልም። ይህ እንዴት ይስተካከላል? ጋሼ ቃል የገቡልኝን የሐረግ አሣሣልም ብጠብቅ አያስነውረኝም ብዬ ነው።

መልስ — ጽሑፍ ሠሪ፣ ከአንኮበር

መምህርት፣ ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ነው፤ ባዶውን ቦታ ሐረጉ ይሙላው። ፊደሉን አያስፉት፤ በሱቅ ግንባር ላይም የምሠራው እንዲሁ ነው።

በቁጥር ላሳይዎት። ኤ5 ገጽ ስፋቱ 148 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሬዎቹ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ከሆኑ 29 ያህል ካሬ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ፊደል አራት ካሬ ስፋት፣ በፊደልና በፊደል መካከል አንድ ካሬ ይስጡ። «መስከረም» 20 ካሬ ለፊደላቱ፣ አራት ካሬ ለክፍተቶቹ፣ በጠቅላላው 24 ካሬ ይወስዳል፤ ግራና ቀኙ ላይም የሚበቃ ኅዳግ ይተርፋል። ይህ 24 ካሬ የሁሉም ወራት ርእስ ስፋት ይሁን። «ጥር» ዘጠኝ ካሬ ይወስዳል፤ ከእርሱ በኋላ አንድ ካሬ ባዶ ይተዉና የቀረውን 14 ካሬ በሐረግ ይሙሉት። እንደ «ጥቅምት» ላለ ባለ አራት ፊደል ወር 19 ካሬ ለቃሉ፣ አንድ ለክፍተት፣ አራት ለሐረግ ይሆናል። እንደ «ኅዳር» ላለ ባለ ሦስት ፊደል 14 ለቃሉ፣ አንድ ለክፍተት፣ ዘጠኝ ለሐረግ። እንዲህ ሲሆን ወሮቹ ሁሉ አንድ ግንባር ይኖራቸዋል፤ ሐረጉም በየወሩ ርዝመቱ ይለያያል፤ ደብተሩን የሚያገላብጥ ሰው ይህን ያስተውላል። ፊደላቱ በተፈጥሯቸው እኩል ስለማይሰፉ ከ«ረ» አንድ ካሬ ወስደው ለመጀመሪያው «መ» ቢሰጡ ይበልጥ ያምራል፤ ድምሩ ግን አይለወጥ።

ሐረጉን ሁለት ካሬ ከፍታ ባለው ቦታ ይሥሩት። በመካከሉ በእርሳስ ቀጭን መስመር ያስምሩና በየሁለት ካሬው ነጥብ ያድርጉ። አንደኛው ክር ከመጀመሪያው ነጥብ ተነሥቶ በላይ ጎብጦ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወርዳል፣ ከዚያ በታች ጎብጦ ወደ ሦስተኛው ይወጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሁለተኛው ክር ከዚያው ነጥብ ተነሥቶ በተቃራኒው፣ በመጀመሪያ በታች ከዚያ በላይ ይጎብጣል። አሁን ሁለቱ በየነጥቡ ይሻገራሉ። ለእያንዳንዱ ክር ሁለተኛ መስመር አጠገቡ አሥምረው ስፋት ይስጡት። ቀጥሎ የሚመጣው ሐረጉን ሐረግ የሚያሰኘው ክፍል ስለሆነ ተረጋግተው ይሥሩት፦ በአንዱ መሻገሪያ ላይ አንደኛው ክር ከላይ ካለፈ፣ በሚቀጥለው ላይ ሁለተኛው ከላይ ይለፍ፤ ከሥር የሚያልፈውን ክር መስመር እዚያ ቦታ ላይ በላጲስ ያጥፉት። ይህን ተራ አንድ ቦታ ላይ ከሳቱት ጥልፍልፉ ይፈታል፤ ስለዚህ ቀለም ከማስነካትዎ በፊት ከግራ ወደ ቀኝ በጣትዎ እየተከተሉ አንድ ጊዜ ይፈትሹት። ዙሪያውን በጥቁር ያስምሩት፣ እርሳሱን ያጥፉ፣ አንዱን ክር በቀይ፣ ሌላውን በቢጫ፣ በመካከል የሚቀሩትን ዓይኖች በአረንጓዴ ይሙሉ። ባለ ዘጠኝ ካሬው ሐረግ ላይ በጥንድ ሲቆጠር አንዲት ካሬ ትተርፋለች፤ እርሷን ለመዝጊያው ቅጠል ያድርጓት።

እርስዎና ወጣቱ ስለ ጌጥና ስለ ሥራ ስላነሣችሁት ነገር ደግሞ፣ የብራናው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ጥቁሩን ሐተታ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ለቀዩ ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል፤ በኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። ቀዩ ሳይሞላ ክፍት እንደቀረ የሚገኝ መጽሐፍም አለ፤ ንባቡ ግን ሙሉ ነው። በደብተርዎም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ማለትም በገጹ አናት ላይ ለርእሱ ሦስትና አራት ካሬ ትተው የዕለቱን ሥራ በነጥብና በሰረዝ አስቀድመው ቢጽፉ፣ ርእሱን ማታ ወይም በሳምንቱ መጨረሻ ረጋ ብለው ሊሠሩት ይችላሉ። ሥራው አይዘገይም፣ ጌጡም አይቻኮልም።

ለክፍል መለያም ረጅም መስመር ከማስመር ይልቅ የጥቁርና የቀይ ነጥቦችን እያፈራረቁ አንድ ረድፍ ቢያደርጉ፣ ወይም ይህን «፨» ምልክት አጉልተው በመካከል ቢያስቀምጡት፣ ከግእዝ ርእስ ጋር በእጅጉ ይስማማል።

መልስ — ነርስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ይህን ሁሉ በደስታ አንብቤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስለ ግእዝ ቁጥር የተነሣ ነገር አላየሁም። እኔ የዕለቱን ርእስ የምጽፈው በቁጥር ነው፤ ወጣቱ ከመሐል ሜዳ ለዕለቱ ገጽ አንድ ወፍራም ቁጥር ይበቃል ያለውም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የግእዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው ራሳቸው የተከበቡ ጌጦች ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፴ ያለው ቀን ሁሉ ከሁለት ምልክት አይበልጥም። ዐሥር በ፲፣ ሃያ በ፳፣ ሠላሳ በ፴ ይጻፋል፤ ሃያ አንድም ፳፩ ነው፤ ዜሮ የሚባል ስለሌለ ሠላሳኛው ቀን እንኳ በአንድ ምልክት ያልቃል። ባለ ሁለት ምልክቱን ስጽፍ የላይኞቹን ሰረዞች በአንድ መስመር፣ የታችኞቹንም በአንድ መስመር አገናኛቸዋለሁ፤ ትንሽ መስኮት ይሆናል። ሰረዞቹን በቀይ፣ የቁጥሩን አካል በጥቁር መሥራት ደግሞ ጋሼ ስለ አንድ የርእስ ቀለም ከተናገሩት ጋር ይሄዳል፤ ቦታውም ሁለት ካሬ በሁለት ካሬ ብቻ ነው።

የዓመቱ ገጽ ላይ 2018 ዓ.ም. ፳፻፲፰ ተብሎ ይጻፋል፤ አራት ምልክት ስለሆነ ጋሼ በሰጡት ልክ 19 ካሬ ይወስዳልና፣ ለሐረጉ አራት ካሬ ይተርፈዋል።